የራሴን ማመልከቻ የተቃወምኩበት ቀን

ዛሬ ጠዋት በክፍለ ከተማችን ምክር ቤት አዳራሽ፣ ማይክ ይዤ፣ አለቀስኩ። ከሰዓት ደግሞ ኮሚቴ መጥቶ በሜትር ለካኝ።

ሁለቱንም በራሴ ላይ ያመጣሁት እኔው ነኝ።

ላይቩን ያያችሁ እባካችሁ ለጊዜው ዝም በሉልኝ። ያላያችሁት ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ቢያንስ እኔ ለራሴ ትንሽ አዝናለሁ።

ሱቄን ታውቁታላችሁ፤ መሃል ከተማ፣ የሕፃናት ልብስ። ድሮ የአባቴ ሱቅ ነበር፤ ምስማር፣ ቀለም፣ ገመድና የበር ማጠፊያ ይሸጥበት ነበር። ከበሩ ፈንጠር ብላ አንዲት ዋንዛ አለች። ከዋንዛዋ ሥር ጋሽ ዳንጊሶ አሉ። ሳይክል ይጠግናሉ፤ ድሮ ያከራዩም ነበር። እኔ ሳልወለድ እዚያ ነበሩ። አባቴ ሲሞትም እዚያው ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ የልጇን ጫማ እያስለካች “ሰማሽ ወይ?” አለችኝ። ምክር ቤቱ ስለ እግረኛ መንገድ አጠቃቀም ደንብ ሊያወጣ ነው። በረቂቁ ውስጥ በእግረኛ መንገድ ላይ ጥገና መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ አለ። ነዋሪ ገብቶ አስተያየት መስጠት ይችላል።

ጋሽ ዳንጊሶን ሊያነሷቸው ነው ማለት ነው።

ጫማውን እንደያዝኩ ስልኬን አወጣሁና ጻፍኩ። “ልጅነታችንን ማን ከሰሰው?” የሚለው ፖስት ያ ነው። ሼር ያደረጋችሁት ሁሉ ተባረኩ። አሁን ግን ብታጠፉት ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ስለ ሳይክሉ መንገር አለብኝ።

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ዳገት የሚባል ነገር ሳናውቅ ነው ያደግነው። ያኔ ባጃጅ እንዲህ መንገዱን ሳይሞላው፣ ከተማው በሙሉ በሳይክል ነበር የሚሄደው። አስተማሪው በሳይክል፣ ነርሷ በሳይክል፣ ዓሣ ሻጩ ዓሣውን ከኋላ አስሮ በሳይክል። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ የሳይክሉ ደወል ከመንገድ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። ወደ ሐይቅ ዳር ስትነዱ አፋችሁን መዝጋት ነበረባችሁ፤ አለበለዚያ ትንኝ ትውጣላችሁ። እኔ እየሳቅኩ ስለምነዳ ብዙ ውጫለሁ።

ያስተማሩኝ ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው።

አባቴ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ እንድትወጣ አይፈልግም ነበር። ስለዚህ ዙሁር ሊሰግድ ሲሄድ ጠብቄ ወደ ዋንዛዋ እሮጣለሁ። ጋሽ ዳንጊሶ አንዲት ኮርቻዋ የተቀደደ ቀይ ሳይክል ነበረቻቸው፤ እሷን ያወጡልኛል። ከኋላ ኮርቻውን ይዘው ነጠላ ጫማቸው እያንሸራተታቸው አብረውኝ ይሮጣሉ። በሲዳሙ አፎ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ እስከ አምስት ይቆጥራሉ። አምስት ሲሉ ይለቁኛል።

አንድ ቀን አምስት ብለው ለቀቁኝና ቦይ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ተሰነጠቀ። የጎማ ቀዳዳ በሚፈልጉበት ሳህን ውኃ አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አስረው ሳይጨርሱ አባቴ ከመስጊድ መጣ።

እኔ ጉልበቴን በቀሚሴ ሸፈንኩ። እሳቸው ግን ቀና ሳይሉ “እኔ ነኝ ያወጣኋት፤ እሷ አልፈልግም ብላ ነበር” አሉት።

ጠባሳው እስካሁን አለ። ፖስቱ ላይ ያያችሁት ጉልበት እሱ ነው።

እሺ፣ ወደ ዛሬ ጠዋት።

ነጠላዬን አስተካክዬ፣ የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ምክር ቤት ማለት ልክ እንደ ዜናው ሰው የሚጯጯኽበት መስሎኝ ነበር። ምንም የለም። አንዲት ረጋ ያሉ አፈ ጉባኤ ከፊት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ አለ። መጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ተቆጠረ። ከዚያ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተነበበ፤ አንድ አባል “ፍሳሽ” የሚለው “ፈሳሽ” ተብሎ ተጽፏል ብለው አረሙ። ከዚያ ስለ ባለቤት አልባ ውሾች። ከዚያ ማስታወቂያ ጨርቅ በመብራት ምሰሶ ላይ ማሰር ስለሚቻልበት ከፍታ።

ስለ ከፍታው ብቻ አንድ ሰዓት ተወራ። አንዱ አባል ቁመታቸው ስንት እንደሆነ ተጠይቀው፣ ተነሥተው ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሳዩ።

እንቅልፌ መጣ ልላችሁ ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ሱቁ ደጃፍ ላይ ስለ ቦይ ጠረጋ የሚከራከረውን የሰማሁ መሰለኝ። ያው ድምፅ፣ ያው “ይቅርታ ላቋርጥህና”።

ጋሽ ዳንጊሶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበሩ። ኮት ለብሰዋል። ኮት ለብሰው አይቻቸው አላውቅም። በእጄ “አይዞዎት” አልኳቸው። ፈገግ አሉ፤ ትንሽ የጨነቃቸው ሰው ፈገግታ ነበር። ለራሳቸው የጨነቃቸው መስሎኝ ነበር።

የእኛ አጀንዳ ደረሰ። ስልኬን ቦርሳዬ ላይ አስደግፌ ላይቭ ከፈትኩ። ማይኩ መጣልኝ።

ወረቀቴን አላየሁትም። ስለ ቀይዋ ሳይክል ተናገርኩ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ አባቴ። አለቀስኩ። አንዲት የምክር ቤት አባል መሐረብ አወጡ። እኔ ደግሞ መሐረቡን ሳይ ባሰብኝ።

እዚያ ላይ ቁጭ ብል ኖሮ ዛሬ ጀግና ነበርኩ።

ግን አልተቀመጥኩም። “አንድ ጥያቄ አለኝ” አልኩ። “ይሄን አንቀጽ ማን አመጣው? በእኚህ አባት ላይ እጁን ያነሣ ሰው ማነው? ስሙ ይነገረን።”

አዳራሹ አጨበጨበ።

አፈ ጉባኤዋ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞሩ። “የአንቀጹ መነሻ ተያይዟል ወይ?” አሉት።

“ተያይዟል፤ ከነዋሪ የቀረበ ማመልከቻ ነው” አለ።

“ያንብቡልን።”

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ጋሽ ዳንጊሶ ከኋላ “ተዉት፣ ግዴለም” ሲሉ ሰማኋቸው። ሰውዬው ግን ጀምሮ ነበር።

“ጉዳዩ፦ በንግድ ቤቴ ፊት ለፊት የሚካሄደው የብስክሌት ጥገና እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ ይሆናል። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ግለሰቡ በቅባት የተነከሩ መሣሪያዎችን በአደባባይ በመዘርጋት የከተማችንን ገፅታ ከማበላሸታቸውም በላይ…”

“የከተማችንን ገፅታ” የሚለው ጋ ሲደርስ ጆሮዬ ጋለ። ይሄን ሐረግ አውቀዋለሁ። ይሄን ሐረግ እወደዋለሁ። የት እንደጻፍኩት ትዝ ሲለኝ፣ ሰውዬው የአመልካቿን ስም እያነበበ ነበር።

ስሜን አነበበ። የአባቴን ስም አነበበ። የአያቴንም አልተወም።

ረሳሁት ልበላችሁ? ግማሹን ረስቼዋለሁ። የአባቴን ሱቅ ተረክቤ የሕፃናት ልብስ ያደረግኩት ሰሞን ነው። አንዲት እናት ለልጇ የገዛችው ነጭ ቀሚስ ከበሩ ስትወጣ ቅባት የነካው የሳይክል መሪ፣ ማንቡርዮ፣ ነክቶት ጥቁር ሆነ። ተናደድኩ። የዚያኑ ቀን ጻፍኩ፤ ለአምስት መሥሪያ ቤት ግልባጭ አደረግኩ። መልስ አልመጣም። እኔም ተውኩት። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ዳንጊሶን “እንዴት አደሩ?” እያልኩ ኖርኩ።

ወረቀቱ ግን አልተወኝም። ለዓመታት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ኖሮ፣ ከብዙ መሰል ወረቀቶች ጋር ተደምሮ፣ አንቀጽ ሆኖ መጣ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። መሐረብ ያወጡት ሴትዮ በዚያው መሐረብ አፋቸውን ያዙ።

አፈ ጉባኤዋ አልሳቁም፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። “ወይዘሮ ኑሪያ” አሉኝ፣ “በቃለ ጉባኤው ላይ የትኛዋን እንመዝግብ?”

“ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ” አልኩ።

“በቃል አይነሣም። በጽሑፍ ነው፤ ምክንያቱን ገልጸው ለመዝገብ ቤት ያስገባሉ።”

ስልኬን ያየሁት ያኔ ነው። ላይቩ አልተዘጋም። “ኑርዬ አንቺ ነሽ እንዴ?” የሚለው ኮሜንት ብቻውን ስክሪኑን ሞልቶታል።

ጋሽ ዳንጊሶ እጃቸውን አወጡ። ተፈቀደላቸው። ቆመው ኮታቸውን ቆለፉ።

“ልጅቷ ስትጽፍ አልተሳሳተችም” አሉ። “ያኔ በሯን ዘግቼባት ነበር። ከደንብ አስከባሪ ወረቀቱን አምጥተው አሳዩኝ፤ እውነት ነው ብዬ በማግስቱ ዕቃዬን በሙሉ ወደ ግንዱ አስጠጋሁ። ከዚያ ወዲህ በሩ ክፍት ነው። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በእኔ ምክንያት እንድትወቀስ አልፈልግም፤ እንድታፍርም አልፈልግም። ቦታ ካላችሁ ስጡኝ፣ ከሌላችሁም እዚያው ተዉኝ። አመሰግናለሁ።”

ተቀመጡ።

ያውቁ ነበር። እነዚያን ሁሉ ጠዋቶች “እንዴት አደርሽ ልጄ?” ሲሉኝ ያውቁ ነበር። ዕቃቸውን ወደ ግንዱ ያስጠጉ ቀን ጥላ ፍለጋ መስሎኝ፣ “እዚያ ይሻልዎታል” ብያቸዋለሁ። ራሴ!

ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴው ቦታውን አይቶ ሪፖርት እንዲያደርግ ወሰነ። እኔ ለወር ይሆናል ብዬ ነበር። ከምሳ በኋላ መጡ። መንግሥት እንዲህ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም።

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ሜትር። አንዱ ቁመታቸውን ያሳዩት አባል ናቸው። የጋሽ ዳንጊሶን ዕቃ ለኩ። ሳይክሎቹ፣ የመሣሪያው ሣጥን፣ የውኃው ሳህን፤ ሁሉም ከግንዱ ጀርባ ገብቷል። ለእግረኛ ከበቂ በላይ ቦታ አለ።

ከዚያ ሜትሩ ወደ እኔ ዞረ።

በሱቄ ደጃፍ ላይ ልብስ የለበሱ አራት አሻንጉሊቶች አሉኝ፤ ታውቋቸዋላችሁ፣ ስቶሪ ላይ ስም ሁሉ አውጥቼላቸዋለሁ። ከነሱ ጎን ቅናሽ የሚል ሰሌዳ። ከሰሌዳው ጎን የጃኬት መስቀያ። ኮሚቴው ለካ፤ ተያየ፤ እንደገና ለካ።

“እግረኛውን መንገድ የዘጉት እርስዎ ነዎት” አሉኝ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ሪፖርታቸው ላይ ደግሞ አንቀጹ ተሻሽሎ፣ መተላለፊያ ያልዘጋ ጠጋኝ ባለበት እንዲቆይ ሐሳብ እንደሚያቀርቡ ነገሩን። ጋሽ ዳንጊሶ ኮታቸውን አውልቀው ዋንዛዋ ላይ ሰቀሉ። አሻንጉሊቶቹን አብረውኝ ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ሁለቱን እሳቸው፣ ሁለቱን እኔ።

ወደ ዋንዛዋ ሲመለሱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የጎማ ከመነዳሪ ሳህኑ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን እየፈለጉ ነበር። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርኩ። አቋረጡኝ።

“አባትሽም ከሶኛል” አሉ።

“አባዬ?”

“ቦይ ውስጥ የገባሽ ጊዜ ነዋ። ማመልከቻውን ጽፎ፣ ከማስገባቱ በፊት ለእኔ አመጣው። ‘የአያትህን ስም በትክክል ጽፌዋለሁ?’ አለኝ። ተሳስቶ ነበር፤ አረምኩለት።”

“ከዚያስ?”

“አስገባው። በሳምንቱ ደግሞ ሄዶ አወጣው። ሲመለስ እዚህ ቆመና ‘ይሄን ነገር ለእኔም አከራየኝ’ አለኝ።”

አባቴ ሳይክል ላይ። ሆዱን፣ ኮፍያውንና ሁልጊዜ ደረት ኪሱ ውስጥ የሚያስቀምጠውን እርሳስ አሰብኩ። አልታየኝም።

“ሰው እንዳያየው ጠዋት በጊዜ ይመጣ ነበር” አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። “መንዳቱን ቶሎ ለመደ። መታጠፍ ግን እምቢ አለው። ስለዚህ ከዚህ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ሐይቁ ድረስ ይነዳል። እዚያ ሲደርስ ይወርድና ሳይክሉን በእጁ ያዞረዋል። ከዚያ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ነዳ። ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ነበር፤ ለአንቺ መናገሬ ነው እንግዲህ።”

ቀዳዳውን አገኙት። እኔ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጬ፣ እስኪበቃኝ ሳቅኩና ትንሽ ደግሞ አለቀስኩ። በዚህኛው ላይቭ አልከፈትኩም።

አሁን መዝገብ ቤት የሚገባውን የማመልከቻ ማንሻ ቅጽ እየሞላሁ ነው። “ምክንያት” የሚል ባዶ ቦታ አለው። አንድ መስመር ብቻ ነው።

እናንተ ብትሆኑ በአንድ መስመር ምን ትጽፉ ነበር?