በሹክሹክታ የምንዘምር ሰዎች

በሹክሹክታ የሚዘምር ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ አንዷ ነኝ። በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳለሁ፣ ከስድስት ጓደኞቼ ጋር እትዬ አስቴር ቤት መጽሐፍ ቅዱስ እማር ነበር። ነገሩ የሚያሳስር ስለነበር ለጎረቤት የምንናገረው የበግ ጸጉር መፍተል እንደምንማር ነው። ውሸት እንዳይሆንብንም እውነትም እንፈትል ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ እንዝርቱ እየዞረ፣ መዝሙሩም ከትንፋሽ ሳያልፍ፣ ደመና ውስጥ የተቀመጥን ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ መዘመር አልሆነልኝም። ስዘምር ባሌ ያመመኝ ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳያንኳኳ ገባ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለ።

ፈትሉን ማሳየት ይበቃ ነበር። ግን እትዬ አስቴር ውሸት ኃጢአት መሆኑን ያስተማረችን በዚያው ሳምንት ነው። ሰባታችንም ዓይን ዓይኗን አየናት። እሷም እንዝርቷን አስቀምጣ፣

"እየጸለይን ነው" አለችው።

እናቴ ስንቅ ይዛ እስር ቤት በር ላይ ስትቆም ታየችኝ።

ሰውየው ዞሮ በሩን ዘጋው። "እንግዲያው ልጄ ትዕግሥት ከታመመች ወር አልፏታል፤ እሷንም ጨምሩልኝ" አለና ኮፍያውን አውልቆ ከመካከላችን ተቀመጠ።

ትዕግሥት ዳነች። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘን እንደማያውቀን ሆኖ ያልፈናል፤ እኛም እንደማናውቀው ሆነን እናልፈዋለን። ለመሆኑ በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ ወዳጅነት ከየት ይመጣል?