ጠላት ያጣ ጦርነት

(ወላይታ ሶዶ፣ ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን። የአንጁሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሱቅ። ጉልላት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለልጆች የጥንት ታሪክ በስዕል የሚጽፍ መምህር ነው። አንጁሎ ደግሞ የጸጉር ቤትና የሥጋ ቤት ሰሌዳ ሲቀባ ኖሮ፣ አሁን የጉልላትን አዲስ መጽሐፍ የሚስል ሰው። መጽሐፉ ስለ አንድ የወላይታ ካዎ፣ ስለ አንድ ንጉሥ ነው። ገጾቹ ነገ በማለዳው አውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ማተሚያ ቤት ይሄዳሉ። የቀረው የጦርነቱ ገጽ ብቻ ነው፤ እዚያ በፈረስ የተቀመጠው ካዎ ገና ፊት የለውም። ጉልላት ዛሬ ጺሙን ተላጭቶ፣ የአባቱን ካባ ደርቦ መጥቷል። ለምን እንደሆነ ቢገድሉት አይናገርም።)

ጉልላት፦ ጠላቱስ?

አንጁሎ፦ የለም።

ጉልላት፦ ምን ማለት ነው የለም? ይሄ እኮ የጦርነት ገጽ ነው!

አንጁሎ፦ ጦርነቱማ አለ ጋሼ። ይኸው ጦር፣ ይኸው ጋሻ፣ ይኸው አቧራ።

ጉልላት፦ ታዲያ ይሄ ሁሉ ሠራዊት ጦሩን የሚወረውረው ወዴት ነው?

አንጁሎ፦ ወደ ዳር። ገጹ እዛ ጋ ያልቃል።

ጉልላት፦ አንጁሎ፣ እኔ ታሪክ አስተምሬ ነው ያረጀሁት። ጠላት የሌለበት ጦርነት ሰልፍ ይባላል!

አንጁሎ፦ እኔ ምን ላድርግ? ሰው እምቢ አለ። እርስዎ ነዎት «ፊት ከጭንቅላትህ አታውጣ፣ በቁሙ ካለ ሰው ላይ ሳል» ያሉት።

ጉልላት፦ ብያለሁ! ከጭንቅላትህ ስትስል አርባውም ወታደር ያው የጸጉር ቤቱ ሰሌዳ ሰውዬ ሆኖ መጣ። ሠራዊት ጸጉሩን አንድ ዓይነት ተቆርጦ ይዘምታል?

አንጁሎ፦ ስለዚህ ሰው ለመንኩ። ለካዎው ጦር ሶዶ በሙሉ ተሰለፈ። ለጠላት ግን አንድም ሰው ጠፋ።

ጉልላት፦ ለምን ትለምናለህ? ዝም ብለህ አትስልም?

አንጁሎ፦ ሰው ሳይጠየቅ ጠላት ይደረጋል እንዴ? ነገ በሽማግሌ ያስጠሩኛል። እዮኤልን ጠየቅሁት፤ «ልጆቼ ትምህርት ቤት ምን ይባላሉ?» አለኝ። ኤልሳዕ እሺ ብሎ ነበር። ሦስተኛው የስዕል ሳጥን ላይ ትሞታለህ ስለው ሚስቱ ሰማች። አለቀሰች። እድሩ ተሰበሰበ።

ጉልላት፦ እድር?!

አንጁሎ፦ ለስዕል ሞት ድንኳን ይወጣል፣ አይወጣም ብለው ሲከራከሩ ዋሉ። ሊጣሉ ሲሉ እኔ ኤልሳዕን ከሞት አዳንኩት። አሁን የካዎው ወታደር ነው። ያውልዎት፣ ከፈረሱ ጭራ ሥር።

ጉልላት፦ (መነጽሩን ወልውሎ) ይሄ ደግሞ ማነው? በቀንድ ዋንጫ ብርቱካንማ ነገር የሚጠጣው?

አንጁሎ፦ ቃለሕይወት ነው። የመዘምራን አባል ስለሆነ ጠጅ አይሆንለትም። ለስላሳ አደረግሁለት።

ጉልላት፦ በካዎው ዘመን ለስላሳ!

አንጁሎ፦ ቆርኪውን ደብቄዋለሁ።

ጉልላት፦ ወይንሸትስ? ስንቅ ተሸክማ በጦር መሀል፣ ከአፏ በሚወጣው የንግግር አረፋ ውስጥ «እህቴ ሰብለ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ተጽፏል!

አንጁሎ፦ ሰብለ ወለደች እኮ ጋሼ። ወንድ ነው።

ጉልላት፦ (ራሱን ይዞ) እሺ፣ የጠላት ፊት ይቅር። ከሩቅ ይታይ። ጽሑፌ የሚለው «ከማዶ የመጣ ጠላት» ነው።

አንጁሎ፦ ማዶ የት ነው? ሻንቶ?

ጉልላት፦ ሻንቶ አይደለም!

አንጁሎ፦ ቦዲቲ ከሆነ አክስቴ አለች። ገሱባ ከሆነ አማቼ አሉ። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰውዬ ደግሞ «ጠላቱ ከየትኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ያልሆነ ይሁን» ብሏል።

ጉልላት፦ ከየትኛውም ሕዝብ ያልሆነ ሰው ከየት ይመጣል? ከሰማይ?

አንጁሎ፦ ከሰማይ አይሆንም። ቃለሕይወት ያኮርፋል።

(ጉልላት ፊት የሌለውን ካዎ ሰረቅ አድርጎ አየ። ዕድሜውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ አስተምሮ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ተማሪ አጥቷል። ልጆች መጽሐፉን ገልጠው ፊቱን በፈረስ ላይ ቢያዩት ሌላ ሹመት አይፈልግም ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በራስ አፍ አይጠየቅም፤ ሌላ ሰው ሊለምነው ይገባል።)

ጉልላት፦ ለመሆኑ... ካዎውን ማንን ልታስመስል ነው? ለማወቅ ያህል ነው።

አንጁሎ፦ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ትልቅ ሰው ይፈልጋል።

ጉልላት፦ ልክ ነህ። ግንባሩ ሰፊ፣ አስተያየቱ የተማረ... (በጎን ዞሮ) አፍንጫው እንዲህ ቀጥ ያለ።

አንጁሎ፦ ጋሼ፣ ብርሃን ከለሉኝ።

ጉልላት፦ (ደሙ ፈልቶ) አንተ ዓይን እንጂ ማስተዋል አልተሰጠህም! ስማ፣ ጠላት መሆን ነውር አይደለም። ጠላት የሚሆነው ሰው ለልጆች ሲል ክብሩን የሚሠዋ ትልቅ ሰው ነው!

አንጁሎ፦ ከካዎው ይበልጣል?

ጉልላት፦ እጅግ ይበልጣል! ካዎማ ማንም ይሆናል። ጠላት መሆን ግን ልብ ይጠይቃል።

አንጁሎ፦ እርስዎ ቢጠየቁ ይሆኑ ነበር?

ጉልላት፦ እኔ? ዓይኔን ሳላሽ!

(ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንጁሎ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮታል።)

አንጁሎ፦ ይባረኩ ጋሼ! ይበሉ፣ ይሽሹልኝ።

ጉልላት፦ ምን?

አንጁሎ፦ ጠላት ይሸሻል እኮ። ካባውን ሰብሰብ ያድርጉ። አንድ እግር ከፍ። አፍ ይከፈት። ትንሽ ደግሞ ይፍሩ።

ጉልላት፦ (በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ) ቶሎ በል... ወገቤ...

አንጁሎ፦ ይሄ አለቀ። አሁን ወድቀው። ቀጥሎ ሲማረኩ።

ጉልላት፦ ስንት ጊዜ ነው እኔ የምሳለው?

አንጁሎ፦ ሌላ ሰው የለም ጋሼ። የጠላት ጦር በሙሉ እርስዎ ነዎት።

(ጀምበር በዳሞታ ተራራ ጎን አዘቀዘቀች። ገጹ በጉልላት ተሞላ፤ የሚሸሽ ጉልላት፣ በግንባሩ የተደፋ ጉልላት፣ እንሰት ውስጥ የተደበቀ ጉልላት። እሱ ግን የሚያየው ያንኑ ባዶ ፊት ነው። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጠ።)

ጉልላት፦ አንጁሎ... ካዎውንም በዚያው... እኔን ብታደርገውስ?

አንጁሎ፦ (ብሩሹ አየር ላይ ቀርቶ) ወይኔ ጋሼ! እሱንማ ከመጀመሪያው ለእርስዎ ነበር የያዝኩት!

ጉልላት፦ ታዲያ!

አንጁሎ፦ አሁን እንዴት ይሆናል? ራስዎን በፈረስ ሊያባርሩ? ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል።

ጉልላት፦ ለምን አልነገርከኝም?!

አንጁሎ፦ ልነግርዎት ስል «ካዎማ ማንም ይሆናል» አሉ። እንዲህ ያለ ተራ ነገር ለእርስዎ እንዴት እሰጣለሁ ብዬ አፈርኩ።

ጉልላት፦ (ድምፁ ሰልሎ) እና ካዎው ያለ ፊት ይሂድ? አውቶቡሱ ማለዳ ነው!

አንጁሎ፦ በሶዶ ያልተሳለ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። (መስታወት ከግድግዳው አውርዶ ጉልላትን በሁለት እጁ አስያዘው።) ከፍ አድርገው ይያዙልኝ ጋሼ። እጅዎን አያንቀጥቅጡት እንጂ፤ ካዎው የፈራ ይመስላል።