ቀይ ክር ያለበት አይነካም

ልብስ ሰፊው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ዝናብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀረ። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፤ ቀጥሎ ጎተራው ተጠረገ። በመጨረሻ አባታቸው ለመጪው ዓመት ዘር ያስቀመጧትን አንዲት ከረጢት ባቄላ ፈትተው ድስት ውስጥ ገለበጧት። ቤተሰቡ በእሷ ነፍሱን አተረፈ። ዝናቡ ሲመለስ ግን መሬት እንጂ የሚዘራ ነገር አልነበረም። እርሻቸውን ትተው ወደ ከተማ ተሰደዱ፤ ልጁም መርፌና ክር ጨበጠ።

ረሃብን ያየ ሰው ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ያገኘውን ዛሬውኑ ይጨርሳል፤ ሌላው ምርጥ ምርጡን ያስቀምጥና ሲበሰብስ ቆሞ ያያል። ይህ ሁለተኛው የሌለበት ሰፈር የለም፤ አዲስ ብርድ ልብስ በቁምሳጥን ቆልፎ በአሮጌው የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው። ልብስ ሰፊው የእነዚህ ሰዎች አለቃ ናቸው፤ ሰፈሩም በሙሉ ክብር “ጋሽ አይነካም” ይላቸዋል።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ጓሮ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ለክተው፣ ቆርጠውና ቀምቅመው ይዘዋታል። ከየተክሉ ላይ ከሁሉ ያማረውን ፍሬ ይመርጡና አንገቱ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ክር የታሰረበት ለዘር ነው። ለሰው የሚቀርበው ጎባጣው፣ የተሰነጠቀውና ወፍ የቀመሰው ነው።

“ጣዕሙ አንድ ነው፤ መልክ ለዘር ነው” ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

በጋው ሊያልቅ ሲል ጓሮው ይሞላል፤ እንግዳም ይበዛል። እንግዳ ግን ከመቀመጡ በፊት ጓሮውን መጎብኘት ግዴታው ነው። “እጅ ወደ ኋላ!” ይባላል፤ ሽማግሌውም ባለሥልጣኑም እንደ እስረኛ እጁን አጣምሮ በረድፎቹ መካከል ያልፋል። ፖስተኛው አንድ ጊዜ ባለክር ባቄላ ቀምሶ ሲያዝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤ በአጥር ላይ እንዲወረውር ተፈረደበት። የገዛ ወንድማቸው ደግሞ ባለክር ዱባ ይዘው ስለሄዱ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም።

ዘንድሮ ነገሩ ጠንክሯል። ከሟች ሚስታቸው ጋር ጎጆ ሲወጡ የተከሉት ቲማቲም ሠላሳ አራት ዓመት ዘሩ ሳይቋረጥ ቆይቶ፣ በክረምት አይጥ የዘር ሳጥኑ ውስጥ ገባች። ከጥርሷ የተረፈው ለአራት ችግኝ ብቻ በቃ። አራቱ ችግኞች አፈሩ፤ ሰባት ፍሬ ላይ ክር ታሰረ። የዚያ ሁሉ ዓመት ዘር በእነዚያ ሰባት ፍሬዎች ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የልጃቸው እጮኛ ወላጆቹን ይዞ ሊመጣ ሆነ።

“አባዬ” አለች ልጅቷ በጠዋት፣ “ዛሬ ብቻ እባክህ ‘እጅ ወደ ኋላ’ እንዳትላቸው።”

“ለአማችሽ ብዬ ሕግ ላሻሽል?”

“ለእኔ ብለህ። የአጎቴ ነገር እንዳይደገምብኝ ፈርቻለሁ።”

አሰብ አደረጉና፣ “እሺ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ይክተቱ” አሉ።

እንግዶቹ መጡ፤ የጓሮው ጉብኝት ከዳቦው በኋላ ይሁን ተባለ። የእጮኛው እናት በአንድ ትምህርት ቤት ለሦስት መቶ ልጅ የሚያበስሉ ሴት ናቸው፤ ሥራ ሲፈቱ እጃቸው ያማቸዋል። ልብስ ሰፊው ወንዶቹን ይዘው ዳቦ ሊገዙ ወጡ፤ ልጅቷም ከጎረቤት ወንበር ልትዋስ ሄደች። ሴትዮዋ ብቻቸውን ቀሩ፤ በመስኮት ወደ ጓሮው አዩ።

ልብስ ሰፊው ዳቦውን ታቅፈው ሲመለሱ ቤቱ በሽንኩርትና በቲማቲም ሽታ ታውዷል። ምድጃው ላይ ሾርባ ይንተከተካል። ጠረጴዛው ላይ፣ በቡና ስኒ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ሰባት ቀይ ክሮች በሥርዓት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

“ጋሼ!” አሉ ሴትዮዋ እጃቸውን እየጠራረጉ፣ “ለእኛ ብለው ክር አስረው የለዩትን ባይ ጊዜ እንባዬ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ተጠብቆልኝ አያውቅም። ክሩን አልጣልኩትም፤ ይኸውልዎት።”

ልጅቷ ወንበር ተሸክማ በር ላይ ደርሳ ነበር። ክሮቹን አየች፤ የአባቷን ፊት አየች፤ ወንበሩን ማስቀመጥ ረሳች።

“ሁሉንም?” አሉ ልብስ ሰፊው።

“ሰባቱንም! አንዱንም አላስቀረሁብዎትም።”

“ፈልቷል?”

“በደንብ ነው እንጂ።”

የተቀቀለ ዘር እንደማይበቅል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ዳቦውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። የእጮኛው አባት ነገሩ ስላልገባቸው፣ “ምነው፣ ጨው አበዛችው እንዴ?” አሉ።

ልብስ ሰፊው ወንበራቸውን ሳቡና ተቀመጡ። “ልጄ፣ ሳህን አምጪ። የእኔን እስከ አፉ ሙይልኝ።”

በሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ያበቀሉትን ምርጥ ፍሬ ሲቀምሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ጣዕሙ አንድ አይደለም። ሁለተኛ ሳህን አስጨመሩ፤ ሴትዮዋም ደስ ብሏቸው የሦስት መቶ ልጆችን ጉድ ያወሩ ጀመር። ቤቱ በጫጫታ ሞላ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ልጅቷ ሳህን እያጠበች ጠየቀች፦

“አባዬ፣ እንዴት ዝም አልክ? አጎቴን ለአንዲት ዱባ…”

“እሱ ሰርቆ ነው፤ አትቀላቅይ።”

“እሺ። ግን ዘሩ አለቀ እኮ። የእማዬ ቲማቲም።”

“አለቀ” አሉ፤ ያጠበችውን ማንኪያ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ በፎጣ አደረቁት። “በልጅነቴ ዘሩን የበላን ጊዜ አባቴ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ጎረቤትም ተርቧል፤ ሰምቶ እንዳይመጣብን ብሎ ነው። ማንኪያችሁ ከሳህን እንዳይጋጭ፣ ቀስ በሉ ተባልን። በጨለማ፣ ድምፅ ሳናሰማ ውጠን ጨረስን። ረሃቡ ወጥቶልኛል፤ ያ ዝምታ ግን አልወጣልኝም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልፈርድበትም። ዛሬ ግን እኔም ዘሬን በላሁ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ያን ሁሉ ሰው ከብቦኝ። ማንኪያው ሁሉ ሲንኳኳ ሰማሽ? ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው።”