ቀና ያለች ሙሽራ

እኛ ዘንድ የሴት ልጅ ጨዋነት የሚታወቀው ባንገቷ ነው። ደፋ ያለች ጨዋ፣ ቀና ያለች ዓይን አውጣ። ልቧንማ ማን ገብቶ ያየዋል? አንገት ግን ከሩቅ ይታያል። እናንተም ሚስት ስታጩ እንዲሁ አድርጋችኋል፤ አትዋሹኝ።

የእህቴ ልጅ የሺ በዚህ በኩል አቻ አልነበራትም። በረሃቡ ዘመን፣ መጠለያው ውስጥ፣ የሚንተከተክ አጥሚት ተደፍቶባት አንገቷ ተቃጠለ። ቁስሉ ሲድን ቆዳው ተጨማዶ አገጯን ከደረቷ ጋር ሰፋው። ከዚያ ወዲያ የምታየው የገዛ እግሯን ብቻ ሆነ። ነጠላዋን እስካፍንጫዋ ተሸፋፍና በመካነ ሰላም ጉም ውስጥ ስትሄድ፣ በሕልም እንደሚያዩት ሰው ፊቷ አይለይም ነበር።

ታዲያ ከወረኢሉ በኩል ሽማግሌዎች መጡ። "እንዲህ ያለች ዓይነ አፋር አይተን አናውቅም!" ብለው ተደነቁ። እህቴም እጅ ነስታ ምስጋናውን ተቀበለች።

ነገሩን ያበላሹት አብዮቱ የላካቸው ዘማች ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ዘማች የየሺን አንገት አይታ፣ "ደሴ ቆዳ የሚተክል ሐኪም አለ እኮ" አለች።

"ተይኝ እቴ!" አለች እህቴ፤ "ቀና ካለች ሰዎቹ ይተዋታል።"

የሺ ከነጠላዋ ውስጥ ተናገረች። "ይተዉኛ! አክስቴ፣ ሰማይ ምን እንደሚመስል ረሳሁት።"

ወላሂ፣ እኔም ያኔ ቀና ብዬ አየሁት። ለካ ካየሁት ቆይቻለሁ።

ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ የተጨማደደውን ቆርጦ፣ ከጭኗ ስስ ቆዳ ገፎ አንገቷን አለበሳት። ፋሻው ተፈትቶ አንገቷ የተፍታታ ቀን፣ በመስኮቱ በኩል ደመና ተራራው ላይ ተንሳፍፎ ነበር። አገጯን ቀስ እያለች አነሳች፣ አነሳች…

"አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ ከላያችን ነበር?"

ሰርጉ ደረሰ። ሙሽሪት ቀና ብላ ወንዱ ቤት ዳስ ስትገባ የአማቷ ፊት ጠቆረ። "ይች ናት የታጨችልን?" አለች። እኔ መቼ ዝም እላለሁ! ሐኪም አንገቷን በጭኗ ቆዳ እንደሠራላት ለድፍን ሰርገኛ አስረዳሁ። አማትየዋ አሰበች፣ አሰበች፤ ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ መንጭቃ ወደ ሙሽሪት ሮጠች።

"ኧረ ሸፍኑልኝ! የልጄን ሚስት ጭን አገር እያየው!"

የሺ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። አማቷ ነጠላውን ስታለብሳት፣ ሳቋ ሲያንሸራትተው፣ ደግማ ስታለብሳት፣ ሲንሸራተት…

ሙሽራውማ፣ ይሉኝታ ቢስ፣ ያንን ጭን አፉን ከፍቶ ሲያይ ዋለ።