በፍስክ ማለዳ የጾም መጽሐፍ

ጓዶች፣ ዛሬ አሰላ ውስጥ ከእኔ የባሰ የተዋረደ ሰው ካለ ኮመንት ላይ ይምጣና እንተቃቀፍ!

ሰላምን ታውቋታላችሁ። ፎቶዋን ለጥፌ በአስር ደቂቃ ውስጥ ያስጠፋችኝ ልጅ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው። ቤተሰቧ ግን እስካሁን የሚያውቀኝ «የቢሮ ባልደረባዋ» ተብዬ ነው። ስለዚህ የዛሬው የገና ጥሪ ለእኔ በዓል አልነበረም።

ኢንተርቪው ነበር!

ፈታኟ እናቷ እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ሠርግ ሲኖር ወጡን እንዲቀምሱ ከሁሩታ ድረስ መኪና ይላክላቸዋል። ምግብ ይወዳሉ ስላችሁ መብላቱን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማውራቱን፣ መተቸቱን፣ የሰው ወጥ ማማቱን፣ ሁሉንም!

እና ምን ይዤ ልሂድ? ዳቦና ለስላሳማ ማንም ይዞ ይሄዳል። እኔ ክሪኤቲቭ ነኛ! የምግብ መጽሐፍ!

ለሥራ አዳማ በወረድኩበት አንድ መጽሐፍ ቤት ገብቼ ግማሽ ሰዓት ቆሜ መረጥኩ። የኬክ ነበር፤ ኦቨን የላቸውም። የፈረንጅ ምግብ ነበር፤ እሳቸው ፓስታን «የሰነፍ ምሳ» ነው የሚሉት። ሦስተኛው ስለ አገራችን ምግብ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የሚያስጎመጅ ቀይ ወጥ አለ፣ በላስቲክ ታሽጓል። አልከፈትኩትም። ስጦታ ተከፍቶ ይሰጣል እንዴ?

ዛሬ ጠዋት የእነ ሰላም ሳሎን ጢም ብሏል። እትዬ ብዙነሽ መጽሐፉን ሲቀበሉ ግንባሬን ሳሙኝ። እውነቴን ነው! ሰላም በዓይኗ «ጎበዝ» አለችኝ። ምነው እዚያው ላይ ተነስቼ ቤቴ በገባሁ!

መነጽራቸው አልገኝ ሲላቸው ወንድማቸው እንዲያነቡላቸው ሰጧቸው። ጋሽ ታደሰ ከሮቤ ለበዓሉ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸው ማይክ አይፈልግም።

«የእንጉዳይ ዶሮ ወጥ» ብለው አነበቡ።

«ዶሮው የታለ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ጋሽ ታደሰ ገለጡ። «የሽምብራ ዱቄት እንቁላል።» አሁንም ገለጡ። «ጩኮ በዘይት።»

ጎረቤታቸው አዴ ፋጡማ «ያ ረቢ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ለማታውቁት፣ ጩኮ ማለት የተቆላ የገብስ ዱቄት በነጠረ ቅቤ ታሽቶ ነው። በቅቤ! አርሲ ተቀምጦ ጩኮ በዘይት ማለት ምን እንደሆነ እንኳን ልነግራችሁ ራሴም አፍራለሁ።

ጋሽ ታደሰ ሽፋኑ ላይ ያለውን የዋጋ ስቲከር በጥፍራቸው ላጡት። ከሥሩ ምን ይላል?

የጾም ምግቦች!

አርባ ሦስት ቀን ጾመው፣ ቅቤ ከቀመሱ ገና ጥቂት ሰዓታቸው ለሆነ ሴት!

እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቆ ዝም የሚል ሰው አለ። ያ ሰው እኔ አይደለሁም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሞክሬዋለሁ። ልዩነቱ አይታወቅም!» አልኩ።

አልሞከርኩትም! ከየት አመጣሁት? ምን ነካኝ?

«እሰይ! በል እስቲ ሥራልን» አሉኝ እትዬ ብዙነሽ።

ሱፌን አውልቄ፣ የሰላምን ሽርጥ አስሬ ማድ ቤት ገባሁ። ጋሽ ታደሰ በር ላይ ቆመው ያነባሉ፣ እኔ ጩኮውን አሻለሁ። ቅቤ ቢሆን በአሰላ ብርድ ወዲያው ይይዝ ነበር። ዘይቱ ግን እንቢ! ዱቄቱ በጣቶቼ መሃል ይበተናል። ዘይት ጨመርኩ፣ ጭቃ ሆነ። ዱቄት ጨመርኩ፣ አሸዋ ሆነ። ሰላም ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። ሳትስቅ! እሱ ነው የገደለኝ።

እትዬ ብዙነሽ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። ብዙ አኘኩ። ከዚያ ውሃ ጠየቁ።

በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ኮቴን ይዤ ወጣሁ። እሳቸው በር ድረስ ሸኙኝ።

«ልጄ፣ የምትልካቸው ሽማግሌዎች ስንት ናቸው?»

ለካ ሁሉንም ያውቃሉ!

«ሦ... ሦስት፣ እትዬ።»

«ይምጡ። ቀኑን ግን እኔ እመርጣለሁ። ለአንተ ከተተወ ረቡዕ ወይ ዓርብ ነው የምትልክብኝ!»

በሩን ዘጉት።

አሁን ንገሩኝ ጓዶች፣ ይሄ እሺታ ነው ወይስ ስድብ? ሰላምን እንዳልጠይቃት ስልኬን አታነሳም!