«የት ነህ?» የማይባሉት ሰው

አንድ ሰፈር ሙሉ ሰፈር የሚሆነው አንድ ጎሚስታ፣ አንድ ደላላ፣ ነጋ ጠባ የሚጮህ አንድ ውሻ እና ስልኩን የማያምን አንድ ሰው ሲኖረው ነው። ጎሚስታው ሊዘጋ፣ ደላላው ሊሰወር፣ ውሻውም ሊሞት ይችላል። ስልኩን የማያምነው ሰው ግን አይጠፋም። እናንተም ሰፈር አለ። ሰላም ስትሉት የእጃችሁን ስልክ በጎሪጥ አይቶ «ብሉቱዝህን አጥፋ» የሚላችሁ፣ ለምን ስትሉት ደግሞ ለምን ብላችሁ በመጠየቃችሁ የሚያዝንላችሁ ሰው።

የእኛ ግቢ ድርሻ ክቡር ጋሽ ነገራ ናቸው። ግቢያችን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው፤ በሩ ሥር ወንበራቸውን አውጥተው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የጉለሌን ግማሽ ሕዝብ አባይ ከየት እንደሚነሳና ዳሎል የት እንደሚገኝ አስተምረዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሁሉም ነገር የት እንዳለ በዱላ እየጠቆሙ ኖረው፣ ዛሬ እሳቸው የት እንዳሉ ማንም እንዳያውቅ ቆርጠው ተነስተዋል።

«ድሮ ሰው ሲደውል ደህና ነህ ይል ነበር፤ ዛሬ ገና ሃሎ ሳትል የት ነህ ይልሃል» ይላሉ። ይህን ለእኔ፣ ለቆጣሪ አንባቢው፣ እንዲሁም ሮጦ ለማያመልጥ ሰው ሁሉ ይናገሩታል። ወደ እሳቸው ደውሎ «ጋሽ ነገራ፣ የት ነዎት?» ያለ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ስልክ ላይ።»

ስልካቸው ላይ አዲስ ነገር ከመጫናቸው በፊት እንደ ቤት ሽያጭ ውል ቃል በቃል ያነባሉ። አንድ ጊዜ መብራት ሲጠፋ፣ ስልካቸው አሮጌ ስለነበረ፣ እንደ ባትሪ የሚያበራ መተግበሪያ ላወርድላቸው ሞከርኩ። መተግበሪያው ያሉበትን ቦታ ለማወቅ ፈቃድ ጠየቀ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ስልኩን መልሰው ሰጡኝ። «የት እንደቆምኩ ካላወቀ አያበራም?» አሉኝ። በሻማ ራት በላን።

ጳውሎስ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ ደግሞ በነፃ ዋይፋይ ለመጠቀም ስልክ ቁጥርና የልደት ቀን አስገቡ ይላል። ጋሽ ነገራ አስተናጋጇን ጠሩና በታላቅ ትሕትና መቼ እንደተወለደች ጠየቋት። ልጅቷ ክው አለች። «አየሽ፣ አንቺም አልነገርሽኝም» አሏት። «እኔ ግን ለዚህ ግድግዳ ልንገረው?» ማኪያቷቸውን ቀስ ብለው ጠጡ። እሳቸው አሸንፈው ወጡ፤ እኔ አፍሬ ወጣሁ።

ሁልጊዜ ልክ ናቸው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ልክ አይደሉም። አዳማ የምትኖር ልጃቸው ደራርቱ፣ ግፊት ስላለባቸው የሚሄዱበትን በስልኳ ማየት ፈልጋ ነበር። «ልጄ ነሽ እንጂ ዘበኛዬ አይደለሽም» ብለው እምቢ አሉ። አጥብቃ ስትለምናቸው ኔትወርክ እንዳይደርሰው ስልኩን በቸኮሌት ወረቀት ጠቅልለው የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከደኑት። ደራርቱ ብትደውል ብትደውል አልጠራም። ጎረቤቱን ሁሉ በስልክ አንጫጫችው፤ ሰፈሩ ነቅሎ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ ሲፈልጋቸው ዋለ። ደክሞን ስንመለስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ማንን እንደምንፈልግ ጠየቁን። እርስዎን ስንላቸው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ሙከራው ሠርቷላ።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ምሥራቅ ጎረቤት ያደረገቻቸው።

ምሥራቅ ወደ ግቢያችን የገባችው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ቤተሰቦቿ ሸማኔዎች ናቸው፤ እሷም ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። አንደኛ ክፍል የገባች ሶፍያ የምትባል ልጅ አለቻት። ባሏን ተስፋሁንን ትታ የወጣችው እጁን ስለሚያነሳባት ነበር። አዲሱን ቤቷን ለእናቷም ጭምር አልተናገረችም። ዕቃዋን ባስገባች በማግስቱ ጠዋት ግን ተስፋሁን በራችን ላይ ቆሞ ነበር።

በሩን የከፈቱት ጋሽ ነገራ ናቸው። ቤቱን ማን እንዳሳየው ጠየቁት። ተስፋሁን ፈገግ ብሎ እግዜር ነው ያሳየኝ አላቸው። እሳቸውም በሩን ፊቱ ላይ ዘግተው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ» አሉኝ። «እግዜር የቤት ቁጥር ሲናገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

ምሥራቅ ቀስ በቀስ ነገረችን። ከዚህ በፊት የተከራየችበት ቤትም እንዲሁ ተገኝቶባታል። ልጇ ታማ ጳውሎስ ሆስፒታል ስትወስዳት መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ለበዓል አክስቷ ዘንድ ብትሄድ፣ እዚያም መጣ። ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፤ እኔ አልፈልጋትም፣ እግዜር ነው የሚያገናኘን። ይህንኑ ለሽማግሌዎችም ነግሯቸው አምነውታል። የሽማግሌዎቹ አለቃ የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ኃይለ መለኮት ናቸው፤ አባትየው ልጁን እሁድ እሁድ የሚያያት እሳቸው ቤት ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሁልጊዜ ወደ ዕርቅ ብቻ ያዘነብላል። ሚስቱን ሳይፈልግ የሚያገኝ ባል ምልክት ተሰጥቶታል ማለት ጀምረው ነበር። በሚመጣው እሁድ የመጨረሻው ሽምግልና ነው፤ እንድትመለስ ሊፈርዱ።

«ልመለስ መሰለኝ» አለችን፤ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። «መሸሽ ደከመኝ።»

ጋሽ ነገራ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጡ። የመጀመሪያው መፍትሔያቸው የታወቀው ነው። ስልኳን በቸኮሌት ወረቀት ጠቀለሉላት። በማግስቱ ሶፍያ ትምህርት ቤት ውስጥ ወድቃ ክንዷ ተጎዳ፤ አስተማሪዋ ደጋግማ ብትደውል እናትየው አልተገኘችም። ምሥራቅ አመድ መስላ መጣችና ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ነገራ፣ ከእሱ ልሰወር አልኩ እንጂ ከልጄ ልሰወር አላልኩም።»

እኚህ ኩሩ ሰው ይቅርታ ሲጠይቁ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ይቅርታ ጠይቀው ግን ዝም አላሉም፤ እንዲህ ያለ ሰው ዝም አይልም። ስልኳ ላይ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ እንድታሳያቸው ለመኗት። ማስታወቂያ ብቻ ነው አለች። በእንግሊዝኛ እየመጣ የሚያሰለቻት አንድ ነገር አለ፤ ሳታነበው በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። እዚያው ቆመን ሳለ ያው መልእክት መጣ። ጋሽ ነገራ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ምን ይላል አልኳቸው።

«የአንቺ ያልሆነ መከታተያ ካንቺ ጋር እየተጓዘ ነው ይላል።»

መልእክቱን ሲነኩት ካርታ ወጣ። ካርታው ላይ ቀይ መስመር ነበረ። ከድሮው ቤቷ ይነሳና ወደ ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ገበያው፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ወደ በራችን ይመጣል። ካርታ ሲያዩ ፊታቸው የሚበራው መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። ምሥራቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ከካርታው በታች ድምፅ ማሰሚያ ነበረው። ተጫኑት። ከምሥራቅ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ፣ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ተሰማ። ምስማር ላይ የተንጠለጠለው የሶፍያ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነበር የሚያፏጨው። አባቷ ባለፈው ዓመት አቶ ኃይለ መለኮት ቤት የሰጣት ስጦታ ነው፤ የትም ስትሄድ ከትከሻዋ አታወርደውም። ገበሩን ስንፈትሽ የካፖርት አዝራር የሚያህል፣ ያለበትን ቦታ ለባለቤቱ ስልክ የሚናገር ነጭ ነገር ተሰፍቶበት አገኘን። ምሥራቅ ዕቃውን ትታ ስፌቱን ነበር የምታየው።

«የእሱ እጅ ነው» አለች። «መርፌ መያዝ አያውቅም።»

እዚህ ላይ ስለ እውነት ስል አንድ ነገር ልናገር። ምሥራቅ የጋሽ ነገራን ትእዛዝ ሰምታ ብሉቱዟን ብታጠፋ ኖሮ፣ ስልኳ ያን መከታተያ በፍጹም አያውቀውም ነበር። ያዳናት ነገሩን አለመስማቷ ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ብሉቱዝ ሁሌ ይጥፋ ብለው እንደማያውቁ፣ እኔ በደንብ እንዳላዳመጥኳቸው በእርጋታ አስረዱኝ።

ዕቃውን በድንጋይ ሊፈጩት ፈለጉ። እኔ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ እንውሰደው አልኩ። ሁለታችን ስንከራከር ምሥራቅ መርፌና ክር አምጥታ ዕቃውን እነበረበት ቦታ መልሳ መስፋት ጀመረች።

«ጣቢያ እሄዳለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን እሁድ እሄዳለሁ። ያመኑት ሰዎች ጆሯቸው ይስማው።»

እሁድ የዕድሩ አዳራሽ ሄድን። ምሥራቅ የሚያምር ጥበብ ለብሳ፣ የልጅ ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ተስፋሁን ጋቢውን አጣፍቶ ለሽማግሌዎቹ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ዳግመኛ እጁን እንደማያነሳ ማለ። ከተማው ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ መንገዳቸው ሁልጊዜ የሚገናኘው ያለ ፈጣሪ ፈቃድ እንዳልሆነ አስረዳ። አቶ ኃይለ መለኮት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምሥራቅ የምትለው ካለ ጠየቋት።

ስልኳን አውጥታ የድምፅ ማሰሚያውን ተጫነች።

ፉጨቱ አዳራሹን ሞላው። ሽማግሌዎቹ ሁሉም የየራሳቸውን ኪስ ዳበሱ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሃሎ አለ። ምሥራቅ ደግማ ተጫነች፤ አሁን ሁሉም ወደ ቦርሳው አዩ። ትንሽ መቀስ አውጥታ ገበሩን ፈታችና ነጩን ዕቃ አቶ ኃይለ መለኮት ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የፈጣሪን ስም አያንሳ» አለች። «የሚያገናኘን ይኸ ነው። እርስዎ ቤት፣ እርስዎ ፊት ነው ለልጄ የሰጣት።»

ተስፋሁን ፊቱ ተለዋወጠ። ለልጁ ደህንነት ብሎ እንዳደረገው፣ አባት መሆኑን፣ የዛሬ ጊዜ ክፉ እንደሆነ ተናገረ።

«ለደህንነቷ ከሆነ ለምን ሰፍተህ ደበቅከው?» አለችው። ድምፅዋን አላነሳችም። «ቤቴ የት እንደሆነ የምናገረው እኔ ነኝ። ለፈለግኩት እነግራለሁ፤ ላልፈለግኩት አልነግርም። ለአንተ አልነግርህም።»

ጋሽ ነገራ፣ የማያቋርጥ ምላስ ያላቸው ጋሽ ነገራ፣ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ከወንበራቸው ተነስተው ከጎኗ ቆሙ፤ በቃ። እኔም ተነሳሁ። ከሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የተነሱት አቶ ኃይለ መለኮት ናቸው። ዕቃውን በመሐረባቸው ጠቀለሉና ሽምግልናው እዚህ ላይ እንዳበቃ ተናገሩ። ወደ ጣቢያ ለመሄድ ምስክር ካስፈለገ እሳቸው እንደሚሄዱ፣ ቤታቸው ለዚህ መዋሉን በሕይወታቸው እንደማይረሱት አከሉ። ተስፋሁን በጓሮ በር ወጣ።

ከእሱ ጋር ያለው ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮ ቀጠሮን ይወልዳል። በራችን ላይ ግን ዳግመኛ አልቆመም። ምሥራቅም ቤት አልቀየረችም። ወሬው ገበያውን ሲያዳርስ የሽሮ ሜዳ ሴቶች ስልካቸውን ይዘው ዳገቱን ይወጡ ጀመር። ጋሽ ነገራ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያልተነበበውን ሁሉ ያነቡላቸዋል፤ የትኛው መተግበሪያ ምን ፈቃድ እንደወሰደ እያዩ ይነጥቁታል። ብሉቱዝ ስለማጥፋት ሲጀምሩ ምሥራቅ ከጎን ሆና አትስሟቸው ትላለች። ይቆጣሉ። ደስ ይላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ወደ አንድ ሰፈር ሄጄ ድንገት አየኋቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ እቅፍ አበባ ይዘው ነበር። ብቻቸውን አልነበሩም። እኔን አላዩኝም፤ ዛፍ ጥግ ቆምኩ። በዚያው ቅጽበት ምሥራቅ ደወለች። ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰልፈው እየጠበቋቸው ስለሆነ ጋሽ ነገራን አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እኔ ያየሁትን እየጻፍኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ሰፈሩንም፣ አብረዋቸው የነበሩትን ሰውም እዚህ ላይ አልጽፍም።

«አላየኋቸውም» አልኳት። መንገዱን ተሻግሬ ደግሜ አየሁ። «ግን እየሳቁ ነው።»

ምሥራቅም ሳቀች።

«በቃ፣ ሴቶቹን ነገ ኑ እላቸዋለሁ» አለችና ዘጋችው።