የአያቴ ስም ያመጣልኝ ዘመድ

ሰሞኑን ከስታዲየም ወደ ላንቻ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት ለጓደኛዋ «ይሄ የዘር ነገር እኮ የሽማግሌዎቹ በሽታ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ በቃ አብሮ ይሞታል» ስትል ሰማሁ። ከፊቷ የተቀመጥኩት ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። ቶሎ ሙትልን ከማለት በምን ይለያል? ግን አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ዞር ብዬ የማውቀውን ላጫውታት ዳድቶኝ ነበር፤ ለካ ወራጅ ናት። ስለዚህ ለእናንተ ላውራ።

እውነቷን ነው፣ የእኛዎቹ ጉድ ነበሩ። ካዛንቺስ ሳለሁ ጎረቤቴ የነበሩትን እትዬ በለጡን ውሰዱ። እሳቸው ያልሰደቡት ዘር የለም። ያኛው ቋጣሪ፣ ይሄኛው ተንኮለኛ፣ የእኔ ወገን ደግሞ ሆዱ የማይገኝ። ይህን ሁሉ የሚሉኝ ታዲያ እኔው ቤት ገብተው፣ ታማ የተኛችውን ባለቤቴን አጥሚት እያጠጡ ነው። ስትሞትም ድንኳኑ እስኪነሳ ከቤቴ አልወጡም። መልአክ ነበሩ እንዳትሉ ብቻ! ታናሽ ወንድሜ ልጃቸውን ቢያስጠይቅ፣ «ጎረቤትነቱ ይበቃናል» ብለው ሽማግሌዎቹን ከበር መለሱ። ወንድሜ ሰፈሩን ጥሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ካዛንቺስ የሚል ቃል ካፉ አይወጣም። እኔ ግን የእትዬ በለጡን ሽሮ መብላቴን አልተውኩም። ምን ላድርግ?

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ሰው ተበታተነ። እትዬ በለጡ ከተማው ዳር ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እኔ ላንቻ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ። እዚህ ዘሬን የሚሰድብ የለም። ምንም የሚለኝ ሰው የለም። ማታ ማታ ሬዲዮ ላይ ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሳይጠይቀኝ አያድርም። ብቸኝነት እንዲህ ያጃጅላል።

ፊት ለፊቴ ናሆም የሚባል ወጣት ይኖራል፤ ባምቢስ አካባቢ ቢሮ ይሠራል። ስንገናኝ አገጩን ከፍ ያደርግልኛል፤ ሰላምታ መሆኑ ነው። የሕንፃው ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆነ በቀደም ነዋሪ ሊመዘግብ በሬን አንኳኳ። ሰው በሬን ሲያንኳኳ ደስታዬን አትጠይቁኝ። የእኔን ስም፣ ያባቴን ስም ነገርኩት። እስከ አያት አለኝ። የአያቴን ስም ስነግረው ፊቱ በራ።

«እንዴ ጋሼ! የእኛ ሰው ነዎት እንዴ?»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አያቴ በተወለደ ጊዜ ቅድመ አያቴ ቤት አንድ የሩቅ አገር ነጋዴ አርፎ ነበር። ወዳጁ ነው፤ ለገበያ በመጣ ቁጥር እሱ ቤት ያድራል። ቅድመ አያቴ ለልጁ የወዳጁን ስም አወጣለት። በቃ። ከናሆም ወገን ያለኝ ያ ስም ብቻ ነው። የትኛው ወገን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ወጉን ትታችሁ ክርክር ትጀምራላችሁ።

እና ምን አልኩት? ፈገግ አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ?

ከዚያን ቀን ወዲህ ዘመድ አለኝ። ናሆም ዳቦ ይዞልኝ ይመጣል፣ አምፖል ይቀይርልኛል። አንድ ቀን ሳስል ሰምቶ ደህና መሆኔን ሊጠይቅ መጣ። ሳሌን ሰው ከሰማልኝ ስንት ጊዜው! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጮክ ብዬ ማሳል ጀምሬያለሁ።

ችግሩ እማማ ሐዋ ናቸው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት የሚኖሩ የወሎ ሴት ናቸው፤ እንደ እኔው ብቻቸውን። ናሆም ዳቦዬን ይዞ በበራቸው ሲያልፍ አገጩን እንኳ አያነሳላቸውም። ለእሳቸውስ ብዬ ብጠይቀው፣ «እሳቸው እኮ ጋሼ፣ ማለቴ…» ብሎ ተወው። እኔም ተውኩት። ዳቦውን ግን በላሁት።

እሁድ ምሳ ሲጠራኝ የስሙን እውነት እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ሄድኩ። መስታወት ፊት ሁሉ ተለማምጃለሁ። ጓደኞቹ ተሰብስበዋል፤ ሁሉም ከእሱ ወገን፣ ሁሉም ወጣት። አንዷ «እኛ እኮ እንደ ፋዘሮቻችን አይደለንም፣ ቺል ነን» ትላለች። ናሆም ትከሻዬን አቀፈና «ጋሼን እዩአቸው! ስማቸውን ባይነግሩኝም እኮ ከአፍንጫቸው ይታወቃል» አለ። ሁሉም አፍንጫዬን አዩ። ሁሉም ተስማሙ። ይህን አፍንጫ እትዬ በለጡ ለሌላ ነገድ ማስረጃ ሲያደርጉት ነው የኖሩት።

«ልጆች፣ አንድ ነገር…» ብዬ አፌን ስከፍት ናሆም ትልቅ ጉርሻ ከተተልኝ። «አንድ ያጣላል» ብሎ ደገመኝ። ሦስተኛውን ያቺ ቺል ነን ያለችው አጎረሰችኝ። አላምጬ ዋጥኩ። አፌ ባዶ ሆነ።

«ምን ሊሉን ነበር ጋሼ?» አለኝ።

«ወጡ ይጣፍጣል» አልኩ።

ስወጣ እማማ ሐዋ በራቸውን ገርበብ አድርገው ቆመዋል። ሳቁን ሰምተው ነው። ድግስ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አይ፣ ዘመድ ጠርቶኝ ነው» አልኳቸው።

«ዘመድ ጥሩ ነው» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

እንግዲህ ልጁ ዘረኛ ነው ወይ? ነው። እኔስ? እኔማ ርቦኝ ነው እንዳልል፣ ቤቴ ያበሰልኩት ምሳ ተከድኖ ተቀምጧል።